አዲሱ ቲቸርና 231ዱ ፊደላት

ከጠዋቱ 1፡30 ላይ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም መንደር ውስጥ የቆመ ሰው፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ከየብሎኩ ሲወጡ ያያል። ገሚሱ በእግሩ ይሄዳል፣ ገሚሱ ሰርቪስ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ሀሁንና ኤቢሲዲን የሚጀምሩት እኩል ነው። እንግሊዝኛ በአገራችን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ በርካታ የግል ትምህርት ቤቶችም ሒሳቡንና ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እንዲህ ባለው ትምህርት ቤት ከባሕር ማዶ የመጣ መምህር ሲመደብ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚያስተምረው የሚማረው ይበልጣል። ሊበልጥም ይገባል።

የውጭ አገር መምህር ለእኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው ከግብፅ በመጡ ኮፕት መምህራን ነው፤ በሃይማኖት ስለሚቀርቡን የቤተ ክህነትን ስጋት አቅልለዋል። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ የተመረቀው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የተረከቡት የካናዳ ጀስዊት ካህናት አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ነው፤ እዚህ ግን በእንግሊዝኛ አስተማሩ፣ ሃይማኖታቸውንም ላለመስበክ ተስማምተው ገቡ። ሊሴ ገብረማርያም እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ፈረንሳይኛን ከአማርኛ ጋር ይዞ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ከ270 የሚበልጡ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን ገብተው፣ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ።

የእንግዳው የመጀመሪያ ፈተና ሰዓት ነው። የክፍለ ጊዜ ሠሌዳው ላይ 2፡30 የሚል ሲያይ ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል። የእኛ ቀን ግን ከንጋት ይቆጠራል፤ የእሱ ሰዓት 8፡30 ሲል ተማሪዎቹ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው ክፍል ገብተዋል።

ሁለተኛው ስም ነው። ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ልጅን በአባቱ ስም ሊጠራ ይችላል። የልጁን ስም ቢለይም እንኳ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ይፈትኑታል። በእነዚህ ድምፆች ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋል፤ የታመቀው አየር ከአፍ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ይህን ያልለመደ ምላስ ቃልኪዳንን «ካልኪዳን» ይላታል፤ ልጅቷም የሌላ ሰው ስም የተጠራ መስሏት ዝም ትላለች። ጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ በክርኗ ነካ ታደርጋታለች።

ሦስተኛው ፊደል ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ብዛቱ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ልጁ አንዴ ከለያቸው ያየውን ያነባል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአንድ ድምፅ መነበባቸው የሚያስቸግረው ሲጽፍ ነው። እንግሊዝኛው ያሉት 26 ፊደላት ብቻ ናቸው፤ ሆኖም «ሲ» የሚባለው ፊደል በ«ካት» ከ፣ በ«ሲቲ» ሰ ይሆናል። ፊደልን አምኖ ያደገ ልጅ «ለምን?» ቢል ደካማ ስለሆነ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው ግን ልጁ በሚሠራው ስህተት ውስጥ ነው። አንድ ተማሪ «አይ ብሬድ ኢት» ብሎ ይጽፋል። በችኮላ የሚያርም መምህር በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞት ያልፋል። «እኔ ዳቦ በላሁ» የሚለውን የሰማ መምህር ግን የአማርኛ ግሥ ማሰሪያ መሆኑን፣ መጨረሻ ላይ እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ ልጁ ሰዋስው አላጣም፣ የእናቱን ሰዋስው ይዞ መጥቷል። ስለዚህ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ይጽፋል፤ ግሡ ከየት ወደየት እንደሄደ በቀስት ያሳያል። ልጁም አማርኛውን ሳያፍርበት እንግሊዝኛውን ይይዛል።

ለዚህ ነው ርእሳነ መምህራንን የምለምነው፦ አዲሱን ቲቸር በመጀመሪያው ሳምንት ብቻውን አትተዉት። ከአማርኛ መምህሯ ጎን አስቀምጡት፤ የስም ዝርዝሩን አብረው ያንብቡ፣ ደብተሩንም አብረው ያርሙ። የሳምንቱን ፍሬ ለማወቅ ዓርብ ጠዋት ስም ሲጠራ ማዳመጥ ይበቃል። ቃልኪዳን ጓደኛዋ ሳትነካት «አቤት!» ካለች፣ ሰኞ ትምህርት መጀመር ይቻላል።