አዲስ ምሩቃንን ለመምህርነት መጥራትና ማቆየት፤ ለአርባ ምንጭ ነጋዴዎች የቀረበ ሐሳብ

ነጋዴ በመጋዘኑ ያለው ዕቃ በስንት እንደ ተገዛ፣ ለማጓጓዣ ምን ያህል እንደ ወጣበት፣ ቀረጡም ስንት እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን በመደብሩ የቀጠረው ወጣት ደረሰኝ ለመጻፍ፣ መዝገብ ለመያዝና ደንበኛን በአግባቡ ለማስተናገድ የቻለው በማን ድካም እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አይገኝም። ሠራተኛው በሒሳብ ሲሳሳት ኪሣራው በነጋዴው መዝገብ ይገባል፤ የስሕተቱ መነሻ ግን ከብዙ ዓመት በፊት፣ የሒሳብ መምህር ባልነበረበት ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ባሉ የድኻ ሠፈር ትምህርት ቤቶች መምህር የማግኘት ጉዳይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቶች አልፎ የንግዱን ማኅበረ ሰብ በቀጥታ የሚመለከት ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት የብሔራዊውን ፈተና ውጤት መመልከት ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያም በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሲሆኑ፣ አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከ1,300 በላይ ሆኖ ተገኘ። በ2016 ዓ.ም. ውጤቱ ወደ 5.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። አንድ አስመጪ ካዘዘው 100 ሣጥን ውስጥ ደኅና ሆኖ የደረሰለት 3 ብቻ ቢሆን፣ ምክንያቱን ሳይመረምር ሁለተኛ አያዝም። ለዕቃው የሚደረገው ምርመራ ለልጆቹም ሊደረግ ይገባል።

አርባ ምንጭ ለዚህ ምርመራ የተመቸች ከተማ ናት። ከተማዪቱ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጨንቻ ምትክ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ተቆረቆረች። ዛሬ የጋሞ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ የላንቴን ሙዝ፣ የጨንቻን ፖም፣ የጫሞን ዓሣና የዶርዜን ሸማ ወደ ሌላው አገር የምትልክ የንግድ በር ናት። በሲቀላና በሴቻ መደብሮች ሲበዙ፣ በከተማው ዳርቻ ደግሞ ከደጋው ወርደው የሠፈሩ ሸማኔዎች፣ ተሸካሚዎችና የጉልት ነጋዴ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ከጋሞ ደጋ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ሲወሰዱ መኖራቸው የታወቀ ነው። ልጅን ከትምህርት ገበታ የሚያነሣው ችግር ብቻ ሳይሆን፣ ሄዶም የሚያስተምረው አጥቶ መመለሱ ጭምር ነው።

ወጣት ምሁራንን ወደ እንደዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የመላክ ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ሲከፈቱ ኢትዮጵያውያን መምህራን አልበቁም። ጉድለቱ የተሸፈነው በከፊል ከሕንድ አገር በመጡ መምህራን ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ከ270 በላይ የሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ደረሱ። ከዚያም በ1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ደንብ በሥራ ላይ አዋለ። በደንቡ መሠረት ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ውጭ ማገልገል ነበረበት፤ ከአገልጋዮቹም የሚበዙት በየጠቅላይ ግዛቱ መምህራን ሆነው ሠሩ።

ከዚህ አገልግሎት የተገኘው ጥቅም ሁለት ወገን ነበረው። የገጠርና የአውራጃ ከተሞች ልጆች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምራቸው የአገራቸው ሰው አገኙ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ከቤተ መጻሕፍት ወጥቶ የሕዝቡን ኑሮ በዓይኑ አየ። ጉድለቱም እንዲሁ የሚታይ ነበር። አገልጋዩ ልጆቹን፣ ልጆቹም እርሱን በለመዱ ጊዜ ዓመቱ ያልቅና ሌላ ይተካል። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን የታወጁበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ አገልግሎቱ ቆመ። ከአንድ ሻጭ ብቻ የሚያዝ ነጋዴ ሻጩ ሱቁን የዘጋ ዕለት መደርደሪያው ባዶ እንደሚሆን ሁሉ፣ የትምህርት ቤቶቹም ዕጣ ይኸው ሆነ።

በውጭ አገር ደግሞ ይህ ሐሳብ በሌላ መልክ ቀርቧል። ዌንዲ ኮፕ የተባለች አሜሪካዊት ተማሪ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ በጻፈችው ጽሑፍ መነሻነት፣ «ቲች ፎር አሜሪካ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራውን ጀመረ። አሠራሩ አዲስ ምሩቃንን መርጦ፣ አጭር ሥልጠና ሰጥቶ፣ ለሁለት ዓመት በድኻ ሠፈር ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 «ቲች ፎር ኦል» የተባለው ዓለም አቀፍ መረብ ተቋቋመ፤ «ቲች ፎር ኢትዮጵያ»ም የዚሁ መረብ አባል ነው። ከቀድሞው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚለየው በሦስት ነገር ነው፤ ሰውየው የተመረቀ ነው፣ በፈቃዱ አመልክቶ ተመርጦ ይገባል፣ የሚቆየውም ሁለት ዓመት ነው።

በዚህ አሠራር ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ ቀላል እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዓመታት በኮሌጅ የሠለጠነ መምህር እያለ፣ ለጥቂት ሳምንታት የተሰናዳ ወጣት እንዴት ክፍል ይሰጠዋል? ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚሄድስ ምን ሥር ይሰድዳል? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ መልስ ይሻሉ። አዲሱ ምሩቅ የነባሩን መምህር ቦታ ሊወስድ አይገባም። ሊመደብ የሚገባው ክፍሉ ያለ መምህር በቀረበት ትምህርት፣ ለምሳሌ በሒሳብ፣ በፊዚክስ ወይም በእንግሊዝኛ፣ በነባሩ መምህር ምክር እየተመራ ነው። በታችኛው ክፍል ልጆች ሀ ብለው የሚጀምሩት በጋሞኛ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ምሩቅ በከፍተኛው ክፍል ቢመደብ ይሻላል።

አርባ ምንጭ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲቲዩት በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ፣ በየዓመቱ በልዩ ልዩ ሙያ ያስመርቃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የተደነገገ ስለሆነ፣ ፈተናውን ያለፈ ወጣት ትምህርቱን ማወቁ በአገር ደረጃ ተመዝኗል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ በመፈለግ ይንከራተታሉ፤ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ ደግሞ መምህር የሚጠብቁ ክፍሎች አሉ። ዕቃው በመጋዘን ሞልቶ፣ ገዢው በደጅ ቆሞ፣ በመካከላቸው የሚያገናኝ ሰው እንደ ታጣ ያለ ነው።

ወጣቱን መጥራት ግን ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ማቆየቱ ነው። አባቶች «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዳሉት፣ መምህርን የሚያሸሸው ብዙ ጊዜ የአያያዝ ጉድለት ነው። አዲስ መምህር ወደ ማያውቀው ሠፈር ሲመጣ መጀመሪያ የሚገጥመው የቤት ኪራይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሸቀጥ ዋጋ ምን ያህል እንደ ወጣ አስመጪዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ባለ መደብሩ የዋጋውን ጭማሪ በዕቃው ላይ ያሰላዋል፤ መምህሩ ግን በክፍሉ ላይ የሚጨምረው ዋጋ የለውም። የመጀመሪያ ደመወዙ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ይጠናበትና፣ ልቡ ሳይረጋ ወደ መጣበት ለመመለስ ያስባል።

ነጋዴው ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ምንም ትልቅ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልገውም። አንደኛ፣ ከግቢው አንድ ክፍል ያለው ሰው ለሁለት አዲስ መምህራን በመጠነኛ ኪራይ ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ባለ ሱቅ ለመምህሩ እስከ ደመወዝ ቀን ድረስ የዱቤ መዝገብ ሊከፍትለት ይችላል። ሦስተኛ፣ የጽሕፈት ዕቃ አስመጪዎች ከሚያስገቡት ወረቀትና የላቦራቶሪ ዕቃ ጥቂቱን ለትምህርት ቤቶቹ ሊለዩ ይችላሉ። አራተኛ፣ ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅት «በዚህ ከተማ ሁለት ዓመት ያስተማረ ምሩቅ በቅጥር ጊዜ ይቀደማል» ብሎ ቢያስታውቅ፣ ማስተማሩ ለወጣቱ ከሥራ ፍለጋው የሚያዘገየው ሳይሆን ወደ ሥራ የሚያደርሰው መንገድ ይሆንለታል።

ለምሳሌ ያህል 20 ነጋዴዎች በወር 500 ብር ቢያዋጡ በወር 10,000 ብር፣ በዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ለአንድ ነጋዴ በዓመት የሚደርስበት 6,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ለአዲስ ገቢዎቹ መምህራን የመጀመሪያ ወራት መቋቋሚያ ቢውል፣ ሒሳቡም በሁለት ነጋዴዎችና በአንድ ርእሰ መምህር ፊርማ ቢጠበቅ፣ በየሦስት ወሩም ለአዋጪዎቹ ቢነበብ፣ ሐሜት አይነሣበትም። መዋጮው በየዓመቱ የሚቀጥል እንዲሆን ያስፈልጋል፤ የአንድ ጊዜ ስጦታ የአንድ ጊዜ መምህር ያመጣልና።

ከገንዘብም የሚበልጥ ነገር አለ። በጋሞ ሽማግሌዎች የአገር ጉዳይ የሚመክሩበት የዱቡሻ ልማድ እስከ ዛሬ ይከበራል። አዲስ መምህር በመስከረም ወር በሽማግሌዎች ፊት ለወላጆች ቢተዋወቅ፣ ማንም የማያውቀው መንገደኛ መሆኑ ቀርቶ የአገር አደራ ያለበት ሰው ይሆናል። ወላጁም ልጁ ከትምህርት ቤት ሲቀር ለማን እንደሚያስረዳ ያውቃል። ከጎረቤቶቹ ቡና የተጠራ መምህር በሁለተኛው ዓመት ሻንጣውን ለማንሣት አይቸኩልም፤ ሁለቱን ዓመት ጨርሶ ቢሄድ እንኳ ለተተኪው የሚናገረው መልካም ቃል ይኖረዋል።

የሸማኔው ልጅ ዛሬ ክፍሉ ውስጥ መምህር ቢያገኝ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአባቱን ሸማ በመዝገብ የሚሸጥ፣ የውጭ ገዢ የላከለትን ደብዳቤ አንብቦ መልስ የሚጽፍ፣ ግብሩንም በሥርዓት የሚከፍል ነጋዴ ሊሆን ይችላል። መምህር ያጣ እንደ ሆነ ግን፣ ሸማው በሌላ ሰው ስምና በሌላ ሰው ዋጋ ሲሸጥ ቆሞ ያያል። የአርባ ምንጭ ነጋዴዎች በመጪው መስከረም ትምህርት ቤቶች ከመከፈታቸው በፊት ከርእሰ መምህራንና ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተገናኝተው፣ የትኛው ክፍል መምህር እንደ ጎደለው፣ ከነጋዴዎቹም መካከል ማን ቤት፣ ማን ዱቤ፣ ማን መጽሐፍ እንደሚሰጥ በስም ቢመዘግቡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።