ዳታችሁን ሳይጨርስ፦ «አፕት»ን በአማራጭ ማዘዝ

መተማ ዮሐንስ ሆናችሁ፣ ኡቡንቱ ያለበትን ላፕቶፕ ከስልካችሁ ዳታ ጋር አገናኝታችሁ አንድ ፕሮግራም ልትጭኑ ነው እንበል። ትእዛዙን ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉት «አፕት» ያልጠራችሁትን ሁሉ ይደረድራል። ለምን?

ቡና ለማፍላት ቡናና ውኃ ግድ ነው፤ ፈንዲሻው ግን ቢኖር ጥሩ ነው። ፓኬጅ የሚያዘጋጁ ሰዎችም እንዲሁ ይለያሉ። ያለ እሱ ፕሮግራሙ የማይሠራው «ዲፔንድስ»፣ ቢኖር የሚመከረው «ሪኮሜንድስ» ይባላል። ካልከለከላችሁት «አፕት» ሁለቱንም ያወርዳል፤ ከፋዩ የእናንተ ዳታ ነው።

እንግዲያው ልቀጥል ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ የሚወርደውን ሜጋባይት አንብቡ። ከበዛ እምቢ በሉትና ትእዛዙን እንደገና ጻፉ፤ አሁን ግን ሁለት ሰረዝ አስቀድማችሁ «ኖ-ኢንስቶል-ሪኮሜንድስ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት። ፈንዲሻው ይቀራል፣ ቡናው ይፈላል።

ሁልጊዜ መጻፍ ከሰለቻችሁ፣ «ኢቲሲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለው የ«አፕት» ማስተካከያ ፋይል ላይ «ኢንስቶል-ሪኮሜንድስ» የሚለውን «ፎልስ» አድርጉት። ከዚያ በኋላ ሳትነግሩትም ያስታውሳል። አንድ ቀን ዋይፋይ አግኝታችሁ ሁሉንም ከፈለጋችሁ፣ ያለ «ኖ» «ኢንስቶል-ሪኮሜንድስ» ብላችሁ እዘዙት፤ ለዚያች ጊዜ በትእዛዙ ላይ የተጻፈው ፋይሉ ላይ ያለውን ይሽረዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሚመከር ነገር የተመከረው በምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ተከፍቶ አንዱ ሥራው እምቢ ካለ፣ ከቀሩት መካከል የጎደለውን ፈልጋችሁ እሱን ብቻ በስሙ ጫኑት።