ስለ እንግሊዝ አገር እንባ ጠባቂ፤ በምክር ቤቶች ላይ የሚቀርበውንም አቤቱታ እንዴት እንደሚመረምር

ሹም ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ደግ ሹምም ቢሆን ይዘነጋል፥ ጸሐፊውም ደብዳቤ ይጥላል፥ መዝገብም ከመዝገብ በታች ተቀብሮ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የሚደርሰው በደል ብዙ ጊዜ ወደ ዳኛ ለመውሰድ ያነሰ፥ ዝም ብሎ ለመተው ግን የከበደ ነው። ኦምቡድስማን የሚባለው ሹም የቆመው እንዲህ ላለው በደል ነው።

ኦምቡድስማን የስዊድን ቃል ሲሆን ትርጓሜው ወኪል ወይም እንደራሴ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የስዊድን ንጉሥ ካርል 12ኛ በ1709 በፖልታቫ ጦርነት ድል ከሆነ በኋላ በቱርክ ግዛት በስደት ሳለ፥ በአገሩ ያሉት ሹማምንት ሕግ መጠበቃቸውን የሚመለከትለት እንደራሴ በ1713 ሾመ። ያ ሹም ግን የንጉሥ ዓይን እንጂ የሕዝብ ዓይን አልነበረም። በ1809 በወጣው ሕገ መንግሥት ፓርላማው ራሱ የሚመርጠው እንደራሴ ተሠራ፤ ሌሎች አገሮችም ይህን እያዩ፥ ዴንማርክ በ1955፥ ኒውዚላንድ በ1962፥ እንዲሁ አደረጉ። በአገራችንም እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓመተ ምሕረት በአዋጅ ቁጥር 211 ሲቋቋም እንባ ጠባቂ ተባለ፤ ይህም ስም ሹሙ ስለ ማን እንደ ቆመ ስለሚናገር ከስዊድኑ ስም ይበልጣል።

እንግሊዞች በ1967 ያቆሙት እንባ ጠባቂ የመንግሥትን ሚኒስቴሮች ብቻ የሚመለከት ነበር። ነገር ግን መንገድ የሚጠግን፥ ቆሻሻ የሚያነሣ፥ የቤት ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ፥ ሽማግሌዎችን የሚጦር፥ ለልጆችም ትምህርት የሚያስብ በየአውራጃውና በየከተማው ያለው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ በ1974 በወጣው ሕግ የምክር ቤቶችን ሥራ የሚመረምር ሌላ እንባ ጠባቂ ቆመ።

አቤት ባይ አስቀድሞ ለምክር ቤቱ ለራሱ ማመልከት አለበት፤ ያጠፋው ሰው ጥፋቱን ራሱ ያቃና ዘንድ ጊዜ ሊያገኝ ይገባልና። መልስ ቢያጣ ወይም መልሱ ባያረካው፥ በደሉን ካወቀበት ቀን ጀምሮ እስከ 12 ወር ድረስ ለእንባ ጠባቂው ይጽፋል። ገንዘብ አይከፍልም፥ ጠበቃም አያስፈልገውም። እስከ 1988 ድረስ ግን አቤቱታው በምክር ቤት አባል እጅ እንዲያልፍ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ተከሳሹ ቤት በር ላይ ቆሞ ክስ እንደ መጻፍ ያለ ነገር ስለ ሆነ መቅረቱ መልካም ነው። ደግሞም የብራድፎርድ ምክር ቤት ልጆቿ የተወሰዱባትን አንዲት እናት አቤቱታ እንዳይመረመር በተከራከረ ጊዜ፥ የይግባኝ ዳኞች፥ ከእነርሱም አንዱ ሎርድ ዴኒንግ፥ አቤት ባይ የሚያማርርበትን ሥራ ከተናገረ ይበቃል፥ የጥፋቱን ዓይነት ለይቶ ማስረዳት ግን ከእርሱ አይጠበቅም ሲሉ ፈረዱ። መጽሐፍ ያላነበበ ሰው በቃል ድካም ምክንያት እንዳይገፋ ይህ ፍርድ ታላቅ ረድኤት ሆነ።

አቤቱታ ሁሉ ግን አይመረመርም። ነገሩ የሚታይበት ዳኛ ወይም ልዩ የፍርድ ሸንጎ ካለ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይሄዳል፤ የአገሩን ሕዝብ በሙሉ ወይም አብዛኛውን በአንድነት የሚነካ ነገርም አይታይም። ምርመራ ሲጀመር እንባ ጠባቂው ምክር ቤቱን መዝገቡን አምጣ ይለዋል፤ ምስክር ለመጥራትና ጽሑፍ ለማስቀረብም እንደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያለ ሥልጣን አለው። ምርመራውም በአደባባይ አይደረግም።

ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚገባው ይህ ነው፤ እንባ ጠባቂው የሚመረምረው ምክር ቤቱ የቆረጠውን ነገር ሳይሆን የቆረጠበትን መንገድ ነው። ምክር ቤቱ ለጎረቤት ሰው ቤት እንዲሠራ ቢፈቅድ፥ ፈቃዱ መልካም ነው ወይስ ክፉ ብሎ አይፈርድም፤ የተቃዋሚዎቹ ደብዳቤ ከመቁረጡ በፊት ተነቦ እንደ ሆነ ግን ይጠይቃል።

ለመምህራን የሚቀርበው ምሳሌ ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር ልጁ ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገው ወላጅ፥ የትምህርቱና የእርዳታው ነገር የሚጻፍበት ሰነድ እንዲወጣለት ምክር ቤቱን ይለምናል፤ ሰነዱ የሚወጣ ከሆነ በ20 ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። 40 ሳምንት አለፈ እንበል፤ ልጁም በቤት ተቀምጦ ፊደል ይረሳል። ወላጁ ሰነዱ ከወጣ በኋላ የተጻፈውን ነገር ቢቃወም ወደ ፍርድ ሸንጎ ይሄዳል፤ የመዘግየቱ በደል ግን የእንባ ጠባቂው ነው። ምክር ቤቱ ልጁን የሚመረምር ባለሙያ አጣሁ ብሎ ቢመልስ፥ ይህ የመዘግየቱን ምክንያት ይገልጣል እንጂ ጥፋቱን አያስቀርም፤ ሕጉ ቀኑን የቆረጠው ለልጁ እንጂ ለምክር ቤቱ ምቾት አይደለምና። ስለዚህ ሰነዱ ወጥቶ እንዲሰጥ፥ ወላጁም ይቅርታ እንዲጠየቅ፥ ልጁ ሳይማር ላለፈው ለእያንዳንዱ የትምህርት ወቅት እንደ ጉዳቱ መጠን ከ900 እስከ 2,400 ፓውንድ እንዲከፈል ያሳስባል። በዚያው ምክር ቤት ድምፃቸውን ያላሰሙ ሌሎች ልጆች ቢኖሩ፥ ለእነርሱም አሠራሩ እንዲታረም ይጠይቃል። በገንዘብ የጠፋ ዓመት አይመለስም፤ ቢሆንም ልጁ ተበድሎ እንደ ነበረ በጽሑፍ መታወቁ ለወላጁ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ማሳሰብ እንጂ ማዘዝ አይደለም፤ እንባ ጠባቂው ወታደርም ወኅኒም የለውም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ጥርስ የሌለው ዳኛ ነው ይሉታል። ነቀፌታው ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም፥ ምክር ቤቶች እጅግ አብዛኛውን ጊዜ የተባሉትን ይፈጽማሉ፤ እንቢ ማለት ከመፈጸም ይልቅ እፍረት አለውና። በደል ተገኝቶ መግለጫ ከወጣ ምክር ቤቱ በ3 ወር ውስጥ ምን እንዳደረገ ወይም ምን ሊያደርግ እንዳሰበ መመለስ አለበት፤ እንቢ ቢል ሁለተኛ መግለጫ ይወጣበታል፤ በዚህም ቢጸና፥ እንቢ ያለበትን ነገር ሕዝቡ በሚያነበው ጋዜጣ እንዲያወጣ ይገደዳል። በመግለጫውም የምክር ቤቱ ስም በግልጥ ይጻፋል፤ የልጁና የወላጆቹ ስም ግን አይጻፍም።