የፋየርዎል መዝገብ ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚሠሩ አስመጪዎችና ላኪዎች ዛሬ የፈቃድ ማመልከቻቸውንና የጉምሩክ ሰነዳቸውን የሚያቀርቡት በ2012 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን የኢንተርኔት መስመር የሚጠብቀው ፋየርዎል በቆመ ጊዜ ሰነዱ ይዘገያል፤ በሞጆ ደረቅ ወደብ ያለው ዕቃም ኪራይ ሊቆጠርበት ይችላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ከመቆሙ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ ያስጠነቅቃል። ፋየርዎል ሁለት ዓይነት መዝገብ ይይዛል። አንደኛው በመስመሩ ማን እንደ ገባና እንደ ወጣ የሚጻፍበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ መሣሪያው ገዛ አካል፣ ይኸውም ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይሉና ስለ ዲስኩ የሚጻፍበት ነው። ይህን ሁለተኛውን ለማንበብ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ደረጃው። በብዙ መሣሪያዎች እያንዳንዱ መልእክት ከ0 እስከ 7 ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ችግሩ የከፋ ነው። 4 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 3 እና ከዚያ በታች የሆነው ባለሙያ ያስጠራል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። መሣሪያው በግሪንዊች ሰዓት የተሞላ እንደ ሆነ፣ ከቀኑ ሰዓት ላይ 3 ሲቀነስ የእኛ ሰዓት ይገኛል፤ የእርሱ 9 ሰዓት የእኛ ቀትር 6 ሰዓት ነው። ዘመኑ በድንገት ወደ 1970 እ.ኤ.አ. ቢመለስ የውስጥ ሰዓቱ ባትሪ ማለቁን መጠርጠር ይገባል።

ሦስተኛ፣ ድግግሞሹ። የኃይል መቋረጥ የተጻፈው መብራት በጠፋበት ሰዓት ከሆነ ጉዳዩ የመስመሩ ነው፤ መብራት ሳይጠፋ ደጋግሞ ቢጻፍ ግን ፓወር ሰፕላዩ ወይም ገመዱ መመርመር አለበት። የማራገቢያው ዙር ቀንሶ ሙቀቱ ቢጨምር አስቀድሞ አቧራውን ማየት ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየርም ሙቀትን በሚገባ አያወጣም። እንግዲህ አገሩ ብርድ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገዛ መሣሪያ ዋጋው በብር እጅግ ጨምሯል። በአንድ ማራገቢያ ለውጥ የሚድነውን ጥሎ አዲስ ማዘዝ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ስለዚህ ነጋዴዎቻችን መዝገቡ በየሳምንቱ እንዲነበብና ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር እንዲቀመጥ ቢያዝዙ መልካም ነው፤ የመሣሪያው ማኅደር ጠባብ ስለ ሆነ ሲሞላ አሮጌው ይጠፋል ወይም አዲሱ ሳይጻፍ ይቀራል። ሻጭም በዋስትና በተጠየቀ ጊዜ፣ ቀንና ሰዓት ያለው ጽሑፍ ከቃል ይልቅ ክብደት አለው።