ለዛፉ ነው ወይስ በዛፉ ሥር?

ግንቦት 1 ቀን በአዲስ አበባ አፍንጮ በር መንደሮች ጎረቤት ደጅ ወጥቶ፣ ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ ቡና እያፈላና ንፍሮ እየተቃመሰ ቢታይ የሚገረም የለም። በዓሉ የማርያም ልደት ነው። ከምርቃቱ መሀል ግን «አድባሯ ትከተላችሁ» የሚሉ እናቶች አይጠፉም። አድባር በትልቅ ዛፍ፣ በተራራ ወይም በምንጭ አካባቢ ሆና መንደሩን ትጠብቃለች ተብሎ የሚታመንባት መንፈስ ናት። ቤተ ክርስቲያን ይህን ብታወግዝም ልማዱ ከከተማው አልጠፋም።

በምዕራቡ ዓለምም ተፈጥሮን እንደ ቅዱስ የሚያዩ አዳዲስ እምነቶች ዘመናዊ ፔጋኒዝም በሚል የወል ስም ይጠራሉ። ዊካ የተባለውን እንግሊዛዊው ጄራልድ ጋርድነር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስተዋወቀው። የጥንት ኖርዲክ አማልክትን የሚከተለው አሳትሩ ደግሞ በ1973 (እ.ኤ.አ.) በአይስላንድ መንግሥት ዕውቅና አገኘ። ሁሉንም የሚገዛ አንድ መጽሐፍ የላቸውም፤ ብዙዎቹ በፀሐይ ዑደት የተመደቡ 8 በዓላት ያከብራሉ፤ አማልክታቸውም ብዙ ናቸው።

የእኛው ዋቄፈና ከዚህ ይለያል። የኦሮሞ ነባር እምነት ሲሆን፣ ፈጣሪ አንድ ዋቃ ብቻ ነው ይላል። ከዋቃ የሚመነጨው መንፈስ አያና ይባላል፤ ሰው ከሰውም ከፍጥረትም ጋር ሊጠብቀው የሚገባው ሥርዓት ደግሞ ሳፉ ነው።

እምነቱ በጉልህ የሚታየው በኢሬቻ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ውኃ ይወርዳል፤ አባገዳዎች ይመርቃሉ፤ ሣሩ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ጠብታው ይረጫል። የበልጉ ኢሬቻ ደግሞ ተራራ ላይ ይከበራል። ምስጋናው ለዋቃ ነው፤ ውኃውና ተራራው ሥራው የሚታይባቸው ቦታዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ከረጅም ዘመን በኋላ የሆረ ፊንፊኔ ኢሬቻ ዳግም የተከበረው መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ክርስቲያንና ሙስሊም ኦሮሞዎችም እንደ ባህላቸው ይታደሙበታል።

እንግዲህ ዊካና አሳትሩ ዘመናዊ ሰዎች ያደራጇቸው ወይም ከጥንት ጽሑፍ መልሰው ያቆሟቸው ናቸው፤ ዋቄፈና ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። «ዛፍ ያመልካሉ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ከመፈረጅ በፊት፣ ጸሎቱ ለማን እንደሚደርስ ባለቤቶቹን መጠየቅ ይቀድማል።