ልመና ወይስ ሐቅ?



በሐምሌ ዝናብ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጅማ ከተማ በቾ ቦሬ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ቤት ለዚያራ ገብተን ነበር። አባወራው ባለፈው ኅዳር ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ሲሠሩ ማሽኑ የቀኝ እጃቸውን ሦስት ጣቶች ወስዶባቸዋል። አሠሪያቸው የመጀመሪያውን ቀን የሕክምና ወጪ ከፍሎ፣ ጥቂት ብር አስጨብጦ «አላህ ያሽርህ» ብሎ አሰናብቷቸዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አራት ልጆች ያሉበት ቤት የሚኖረው እናታቸው በር ላይ ጠብሰው በሚሸጡት ሳምቡሳ ነው።

«ለምን ካሣ አልጠየቁም?» አልናቸው።

«ምን ብዬ እለምናለሁ? ቀደር ነው። ውል የለኝ፣ ወረቀት የለኝ። ደግሞስ እጄን ያስገባሁት እኔው ነኝ» አሉን። ባለቤታቸው ቡናውን እየቀዱ ምንም አልተናገሩም፤ ይህን መልስ ብዙ ጊዜ እንደሰሙት ግን ፊታቸው ይናገር ነበር።

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ በብዙ ቤቶቻችን ያለው ስሕተት ሁሉ ተጠራቅሟል። በቀደር ማመን ሌላ ነው፤ ሕግ የቆረጠልንን ድርሻ መተው ሌላ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት የኡመውያው ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብን አብዱልመሊክ (705–715 እ.ኤ.አ.) ለለምጽ ሕሙማን ከግምጃ ቤት ድርጎ ቆርጦ ሰው እንዳይለምኑ አድርጓል፤ ለዓይነ ስውሩ መሪ፣ መንቀሳቀስ ለማይችለውም አገልጋይ መድቧል። ያን የተቀበሉት ለማኝ አልተባሉም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ደስ የማይለውን አስቀድመን መናገር ይሻላል። በኢትዮጵያ አንድ ሰው አካል ጉዳተኛ ስለሆነ ብቻ በየወሩ የሚከፈለው አጠቃላይ አበል የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት ድጋፍ እንደሚያደርግ ቢደነግግም «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ገደብ አለበት። ስለዚህ «ለአካል ጉዳተኛ ብር አወጣልሃለሁ፣ የመመዝገቢያ አምጣ» የሚል ደላላ ቢመጣ በር አይክፈቱለት። ያሉት መብቶች ጉዳቱ የት እንደደረሰና ተጎጂው ምን ሥራ ላይ እንደነበረ እየታየ የሚለያዩ ናቸው።

የበቾ ቦሬው ወንድማችን ጉዳይ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ውል በጽሑፍ አለመኖሩ ሠራተኛውን መብት አያሳጣውም፤ አብረው የሠሩ ሰዎች ምስክርነት ይበቃል። «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለውም ቢሆን ሕጉ የሚቀበለው አይደለም። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላደረሰው በቀር፣ ለምሳሌ ሰክሮ ካልተገኘ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ካልጣሰ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። ሕጉ ይህን ያለው ማሽኑም ትርፉም የማን እንደሆኑ አይቶ ይመስለናል።

ተጎጂው ለጊዜው መሥራት ሳይችል ሲቀር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወሮች ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወሮች ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል። በጡረታ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው የአምስት ዓመት ደመወዙ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ ከፊል ከሆነም በመቶኛው ልክ ይሰላል። በወር በአማካይ 3,000 ብር ያገኝ የነበረ ሰው የአምስት ዓመቱ 180,000 ብር ነው። ቦርዱ ጉዳቱን 30 በመቶ ቢለው 54,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህን በወረቀት ስናሰላ ባለቤታቸው ሲኒውን አስቀምጠው «ድገሙልኝ» አሉን።

የሚያስቸኩለው ይርጋው ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ መቅረብ ከሚችልበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ካለፈው ይታገዳል። ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ መቁጠር ለጥንቃቄ ይበጃል፤ በዚህ ስሌት ለወንድማችን የቀራቸው አራት ወር ገደማ ነው። ነገር ግን አቤቱታውን ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ማቅረብ ቆጠራውን ያቋርጠዋል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያም የለበትም። ሽማግሌ መላክ የተወደደ ነው፤ ሱልሕ ኸይር ነው። ሆኖም ሽምግልናው ወር ከወር ሲንከባለል ይርጋው አይጠብቅም፤ አቤቱታውን አስገብቶ መታረቅ ይቻላል።

ጡረታ የሚቆረጥላቸው ሰዎች መንገድ ሌላ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአዋጅ 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ 1268/2014 ሲሆን፣ ሠራተኛው 7 በመቶ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በሕመም ምክንያት ሥራውን የተወ ሰው አሥር ዓመት ካገለገለ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል፤ ካልሞላው ዳረጎት ይሰጠዋል። ጉዳቱ በሥራ ላይ ከደረሰ ግን የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። ልጆቻችሁ ደመወዝ ሲቀበሉ ጡረታው ተቆርጦ በእርግጥ ገቢ መሆኑን ይጠይቁ፤ የተቆረጠ ሁሉ ገቢ አይደረግምና።

ከልደት ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ለሆነ፣ ተቀጥሮም ለማያውቅ ወገንስ? ለእርሱ በሩ ጠባብ ነው፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ቢሆንም የማኅበረሰብ ጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከቡና አገራችን ሊሙ ኮሳ አንዷ ነበረች። በቀበሌ «መክፈል የማይችል ድኻ» ተብሎ የተመረጠ ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። የሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚሠራባቸው ከተሞችና ወረዳዎችም መሥራት የማይችሉ ሰዎች ጉልበት ሳይጠየቁ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ሁለቱም ምርጫዎች የሚጀምሩት በሰፈር ስብሰባ ነው። አካል ጉዳተኛ ልጁን ከእንግዳ ፊት የሚደብቅ ቤተሰብ ስሙን ለዝርዝሩ አያስገባም። ይህን ያየነው በአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ወደ በቾ ቦሬ እንመለስ። አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ደብተሯን አምጥታ አቤቱታውን ቁጭ ብላ ጻፈች፦ የጉዳቱን ቀን፣ የሥራውን ዓይነት፣ የደመወዙን ልክ፣ የሦስት የሥራ ባልደረቦችን ስም። የሐኪም ቤቱ ወረቀት ጠፍቷል ሲባል እናቷ ተነሥተው ከልብስ ሣጥኑ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብቀው አቆይተውት ኖሯል። አባወራው ወረቀቱን በግራ እጃቸው ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» ብለው ጠየቁን።