የክፉ ቀን ሕግና የእናት ጓዳ

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ አገራችን መግባቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችም ቤታቸው ዋሉ። ውድ አንባቢያን፣ ያን ሰሞን በየቤታችሁ ምን ዓይነት ጭንቀት እንደነበረ እናንተው ታውቁታላችሁ። ልጆቹን ማን ይጠብቅ? ሥራው ቢቆም ደመወዝ ከየት ይመጣል? የቤት ኪራዩስ? ልጆቹ ሳይማሩ ትምህርት ቤቱ የወር ክፍያ ቢጠይቅ ምን ይደረጋል?

እነዚህ ጥያቄዎች የጓዳ ጥያቄዎች ቢመስሉም የሕግ ጥያቄዎችም ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ሲታወጅና ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 466/2012 ሲወጣ፣ ብዙዎቻችን ልብ ያልነው ክልከላውን ነበር። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግን፣ ከአራት ሰው በላይ አለመሰብሰብን፣ ታክሲው በግማሽ መጫኑን እናስታውሳለን። ይሁንና በዚያው ሕግ ውስጥ ለሠራተኛና ለተከራይ የቆሙ አንቀጾችም ነበሩበት። ስንቶቻችን አንብበናቸዋል?

በመጀመሪያ ሥራን እንመልከት። በደንቡ መሠረት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር አሠሪ፣ ያን ጊዜ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ካወጣው ሥርዓት ውጭ የሠራተኛን ውል ማቋረጥ አይችልም ነበር። አከራይም ተከራዩን ከቤት እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሏል። ከዚህም ሌላ በወረርሽኙ ምክንያት ሥራቸው ተስተጓጉሎ ሳለ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈላቸውን ለቀጠሉ ድርጅቶች የ4 ወር የሥራ ግብር ምሕረት ተፈቀደ። ዓላማውም ግልጽ ነበር፤ አሠሪው ከግብሩ የተረፈውን ገንዘብ ሠራተኛውን ለማቆየት እንዲያውለው ነው።

ወደ ትምህርት ስንመጣ፣ የግል ትምህርት ቤቶች ከወላጆች ጋር ተነጋግረው ከመደበኛው ወርኃዊ ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ ትምህርት ሚኒስቴር ወሰነ። በዚህም ወላጁ ጥቂት እፎይ እንዲል፣ መምህሩም ደመወዙን እንዳያጣ ታሰበ። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ቢሞከርም፣ ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት ያለው ልጅ ምን ያህል እንደተጎዳ ለእናቶች መንገር አያሻም። ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው።

ለንግዱ ክፍል ደግሞ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የተጠራቀመ የግብር ዕዳ ተሠረዘለት፤ ብሔራዊ ባንክም ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ካሰበ፣ ችግሩ የት ላይ ነበር? እስቲ አንዲት የጉሊት ነጋዴን እናስብ። ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣ ልጆቿን ታሳድጋለች። የግብር ዕዳ ስለሌለባት ምሕረቱ አይመለከታትም። ከባንክ ስላልተበደረች ባንኩ ያገኘው ገንዘብ እርሷ ዘንድ አይደርስም። የቀን ሠራተኛዋም እንዲሁ ናት፤ በጽሑፍ የተያዘ ውል ስለሌላት «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ስትባል ሠራተኛ መሆኗን ማስረዳት ይቸግራታል። ከሁሉም የባሰው የቤት ሠራተኛዋ ዕጣ ነበር። ለግል አገልግሎት የሚደረግ የሥራ ውል በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለማይሸፈን፣ የደንቡ ጥላ በእርሷ ላይ አልዘረጋም። በሽታ ታመጣብናለች ተብላ የተሰናበተች ሴት አቤት የምትልበት ቀላል መንገድ አልነበራትም።

ስለሆነም ከዚያ ጊዜ የምንማረው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ የክፉ ቀን ሕግ ቀድሞ የሚደርሰው ስሙ በወረቀት ላይ ለሠፈረ ሰው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ! የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአምስት ወር በኋላ አብቅቷል፤ ወረርሽኝ ግን ዳግመኛ ላለመምጣቱ ዋስትና የለም። ስለዚህ ዛሬ፣ ደህና ቀን ሳለ፣ የሚከተለውን ልብ በሉ።

የምትሠሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሚሸፈን ድርጅት ከሆነና ውላችሁ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባል። ጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ብትታመሙም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ለዚህም የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋችኋልና ወረቀቱን አትጣሉ። የደመወዝ፣ የኪራይና የትምህርት ቤት ደረሰኞችን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ከአንድ ካርቶን በቀር ምንም ወጪ አይጠይቅም። በመሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛ ማኅበር ካለ አባል ሁኑ፤ በትምህርት ቤትም የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ቅሩ አትበሉ። በ2012 የክፍያው መጠን የተወሰነው በወላጆችና በትምህርት ቤቶች ንግግር እንደነበረ አትርሱ።

በመጨረሻም ለራሳችን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ብዙዎቻችን ከቤት ውጭ ስንሠራ ሠራተኞች ነን፤ ማታ ቤታችን ስንገባ ደግሞ አሠሪዎች ነን። እኛ ከመሥሪያ ቤታችን የምንጠይቀውን ያህል ልጆቻችንን ለምታሳድግልን ልጅ እናደርግላታለን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛ ጤናው እንዲጠበቅ አሠሪውን ያዛል። ደመወዟንና የዕረፍት ቀኗን በአንድ ገጽ ጽፎ ሁለታችሁም መፈረም፣ ስትታመምም ማሳከም፣ ማንም እስኪያስገድደን የምንጠብቀው ነገር አይደለም። መንግሥት ለሁሉም የሚደርስ ሕግ እንዲያወጣ መጠየቃችን ተገቢ ነው፤ ጥያቄያችን ክብደት የሚኖረው ግን በየቤታችን የጀመርነው እንደሆነ ነው።